ከዘር እስከ ዘር፦ የዕፅዋትን የሕይወት ዑደት ለልጆች ማስተማር

በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በርካታ ልጆች ችግኝ ይተክላሉ። ይሁን እንጂ ችግኝ የዑደቱ መጀመሪያ አይደለም፤ በችግኝ ጣቢያ ለወራት ያደገ ተክል ነው። አብዛኛው ዛፍ አብቦ እስኪያፈራም ዓመታት ይወስዳል። በመሆኑም ሙሉውን ዑደት ለልጅ ለማሳየት በጥቂት ወራት የሚደርስ ሰብል መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ መረጃ ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን የተዘጋጀ ነው።

ለዚህ ዓላማ ቦሎቄ ተመራጭ ነው። ፍሬው ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ አበባው በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ንብ በማይደርስበት መስኮት ሥር እንኳ ያፈራል፤ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ክረምት የትምህርት ቤቶች ዕረፍት በመሆኑ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ዘርቶ ውኃ እያጠጡ ማሳደግ ይቻላል። ውርጭ በሚያጠቃቸው ደጋ አካባቢዎች ግን ቦሎቄ ስለሚጎዳ ባቄላ ይሻላል።

ዘሩ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ሲያድር ልጆቹ አንዱን ከፍተው ሽፋኑን፣ ሁለቱን ክኮችና በመካከላቸው የተኛችውን ትንሽ ተክል ይመልከቱ። የቀሩትን በብርጭቆ ጠርዝና በእርጥብ ጥጥ መካከል ማስቀመጥ ይቻላል። ቀድሞ የሚወጣው ሥር ነው። ብርጭቆው በጎኑ ቢጋደምም ሥሩ ተጠምዝዞ ወደ ታች ይሄዳል፤ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚደነቁት በዚህ ነው። ቦሎቄ ክኮቹን ከአፈር በላይ ይዞ ይወጣል፤ ባቄላ ግን ከአፈር በታች ይተዋቸዋል። ክኮቹ ሲጨማደዱ ለቡቃያው የተቀመጠ ስንቅ እያለቀ መሆኑን ማስረዳት ተገቢ ነው።

ትምህርቱ በብርጭቆው ላይ ሊቆም አይገባም። ጥጥ ለተክል የሚሆን ንጥረ ነገር ስለሌለው ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ልጁም የሚያስታውሰው የሞተ ተክል ይሆናል። ስለዚህ ቡቃያውን ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም በጓሮ መደብ ላይ ማዛወር ያስፈልጋል። አበባው ረግፎ በቦታው ትንሽ እሸት ሲታይ ልጆቹ በሥዕል ይመዝግቡት። እሸቱ በተክሉ ላይ እስኪደርቅ ይቆይ፤ ከዚያም ከአንድ ዘር ስንት እንደተገኘ ይቁጠሩ። የደረቀውን ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ስሙንና ወሩን በመጻፍ ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ይገባል።

ሁሉም ተክል በዘር ብቻ አይራባም። ገበሬው ድንችን ከድንቹ፣ እንሰትን ከአምቾው በሚበቅሉ ችግኞች ያራባል። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ጥንቃቄ፦ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር በኬሚካል የታከመ ስለሆነ ለልጆች አይሰጥ። ጥሬ ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ ያውካል። የጉሎ ፍሬ ደግሞ ገዳይ መርዝ ስላለው ለማስተማሪያነት ፈጽሞ አይመረጥም። ልጅ ጉሎ ወይም የታከመ ዘር ከዋጠ የቀረውን ዘር ይዞ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።