ባቡር የተቀረጸበት የኪስ ሰዓት

በቤተ ሰባችን ከአያታችን የቀረ አንድ የኪስ ሰዓት አለ። ወርዱ ከማርትሬዛ ብር የሰፋ፣ ክብደቱም ሦስት ብር የሚያህል ነው፤ በጀርባው ላይ ጢሱን እያትጐለጐለ የሚሄድ የባቡር ምስል ተቀርጾበታል። ስለዚህ ሰዓት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ታሪክ እንዲህ የሚል ነበር፤ አያታችን በድሬ ዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ሳሉ፣ ስለ ታማኝነታቸው አለቆቻቸው ይህን ሰዓት ሸለሟቸው። ማስረጃው ምንድን ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ሰዓቱን ገልብጦ ባቡሩን ማሳየት ይበቃ ነበር። አክስታችን ታሪኩን በየበዓሉ ይናገሩታል፤ እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ለባልንጀሮቻችን እየነገርን ስንኰራበት ኖረናል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰዓቱን እንደ አንድ የጽሕፈት ሰነድ አድርገን እንመርምረው ብለን ተነሣን። የጥንት ሰዓት መሰብሰብ የለመዱ ሰዎች፣ ሰዓት በሚመረምሩበት ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ሆዱን ያምናሉ። የሰዓት ፊት ሲሰበር በሌላ ይለወጣል፤ ስምም የፈለገው ነጋዴ ያሳትምበታል፤ በውስጥ ያለው የመንኰራኵሮች አሰላለፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም። በእኛ ሰዓት ፊት ላይ በላቲን ፊደል «ሲስቴም ሮስኮፍ» የሚል ተጽፎአል። መጀመሪያ ሮስኮፍ የሠሪው ስም መስሎን ነበር። ይህ ስሕተታችን ወደ ዋናው ታሪክ ስለሚያስገባን ከዚህ ሰው እንጀምር። ሌላ ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጌዮርግ ፍሪድሪክ ሮስኮፍ በ1813 በጀርመን አገር፣ በባደን ግዛት፣ ኒደርቫይለር በምትባል መንደር ተወለደ። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በ1829 የፈረንሳይኛ ቋንቋና ንግድ ለመማር ወደ ስዊስ አገር ተሻግሮ ላ ሾ ደ ፎን በምትባል ከተማ ገባ። ይህች ከተማ በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ፣ በዡራ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ብርዱ የጸና፣ እርሻዋም ስስ ስለ ሆነ፣ ሕዝቧ በየቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰዓት ክፍል በመሥራት ይተዳደር ነበር። አንዱ ቤት መንኰራኵር ብቻ ይሞርዳል፤ ሌላው ቤት ሞላ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ቈጣሪ ብቻ ይቈርጣል፤ ይህን ሁሉ ከየቤቱ ሰብስቦ፣ አገጣጥሞና አስተካክሎ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ አለ። ካርል ማርክስ በ1867 በታተመው «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሥራ ክፍፍል ሲናገር ይህችን ከተማ በሞላ እንደ አንድ ታላቅ የሰዓት ፋብሪካ አድርጎ ጠቅሷታል። ሮስኮፍም የሰዓትን ሥራ በዚያው ተምሮ፣ ክፍሎቹን ከሚሰበስቡት ነጋዴዎች አንዱ ሆነ።

በ1860 ገደማ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲቃረብ፣ አንድ አሳብ ያዘው። በዚያ ዘመን ደኅና ሰዓት የባለጠጋ ጌጥ ነበር። የቀን ሠራተኛ የፋብሪካው ደወል ሲደወል ይገባል፣ ሲደወል ይወጣል፤ ደወሉ በእውነተኛው ጊዜ መደወሉን የሚያረጋግጥበት ነገር ግን በእጁ አልነበረም። ሮስኮፍ ያሰበው የማያሳፍር፣ ጊዜውን በደንብ የሚጠብቅ፣ ዋጋውም ከ20 ፍራንክ የማይበልጥ ሰዓት ለመሥራት ነው። ሃያ ፍራንክ ያን ጊዜ የአንድ ተራ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። ስሙንም «ላ ፕሮሌቴር» አለው፤ ከክንዱ ጉልበት በቀር ሀብት የሌለው ሰው ሰዓት ማለት ነው።

ዋጋውን እንዴት አወረደው? ብዙ ሰው የሚመስለው ክፉ ብረት በመጠቀም ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በተራ የኪስ ሰዓት ውስጥ ሞላው ተጠቅልሎ ከሚቀመጥበት ክብ ቤት የሚወጣው ኀይል በመጀመሪያ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ወደሚዞረው የመካከል መንኰራኵር ይሄዳል፤ ከእርሱም ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው አልፎ፣ ኀይሉን በጥቂት በጥቂቱ እየያዘ ወደሚለቀው ክፍል ይደርሳል። ሮስኮፍ ይህን የመካከል መንኰራኵር ጨርሶ አስወገደው። በእርሱ ፈንታ የሞላውን ቤት የሰዓቱን መካከል አልፎ እስኪሄድ ድረስ አሰፋው፤ ቈጣሪዎቹም ከሞላው ቤት ላይ በተገጠመ መንኰራኵር እንዲዞሩ አደረገ። ደግሞም በውድ ሰዓት የሚይዘውና የሚለቀው ክንድ ጫፎቹ ቀይ ዕንቍ ሲሆኑ፣ እርሱ በዕንቍው ቦታ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሁለት የብረት ችንካሮች ተከለበት። ይህ ሁለተኛው ብልሃት የራሱ ፈጠራ አይደለም፤ ሉዊ ፔሮን የተባለ የብዛንሶን ሰው በ1798 አስቀድሞ አስቦት ነበር። የሰዓቱን ልብስ ከወርቅና ከብር መሥራቱን ትቶ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ከተቀላቀሉበት ብረት አሠራው። በዚህ ሁሉ የተነሣ፣ ሌላው ሰዓት ከ100 በላይ ክፍሎች ሲኖሩት የሮስኮፍ ሰዓት በ57 ክፍሎች ቆመ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ቈጣሪውን ለማስተካከል መስተዋቱን ከፍቶ በጣት መግፋት ያስፈልግ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ጊዜን ከንጋት ጀምረን ስለምንቈጥር፣ የፈረንጅ ሰዓት የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቈጣሪውን ስድስት ሰዓት ማዞር ነው፤ በጣት መግፋቱም ለእኛ ሰው ብዙ የሚያስቸግር አይመስለንም።

ሮስኮፍን ከመንኰራኵሩ ይልቅ ሰው አስቸገረው። የከተማዪቱ ባለሙያዎች ለዚህ ሰዓት ክፍል አንሠራም አሉ። ርካሽ ሰዓት ከሠራን የአገራችን ስም ይጠፋል ብለው ፈሩ። በእኛ አስተያየት ግን ሌላም ምክንያት ሳይኖር አልቀረም፤ ደመወዛቸው በሚሠሩት ክፍል ልክ ስለ ሆነ፣ የክፍሎቹ ቍጥር ሲያንስ የእነርሱም እንጀራ ያንሳል፤ ስለዚህ በአላዋቂነት ብቻ አንፈርድባቸውም። ሮስኮፍም በከተማው ያላገኘውን ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣ፤ ማልሬ በምትባል በሌላ የዡራ መንደር ካለ ፋብሪካ ጀምሮ በየስፍራው እያዘዘ ክፍሎቹን አስተባበረ። ሰዓቱም በ1867 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ቀርቦ የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ አንሠራም ይሉ የነበሩት ራሳቸው ይገለብጡት ጀመር።

እንዳይገለብጡትስ ምን ይከለክላቸዋል? ሮስኮፍ በ1868 በፈረንሳይ አገር የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። በሚኖርበትና በሚሠራበት በስዊስ አገር ግን የፈጠራ መብት የሚያስጠብቀው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1888 ነው። እርሱ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1873፣ ንግዱን ለሌሎች አስተላልፎ ዐርፎ ነበር፤ ሕጉ በወጣ በዓመቱም በ1889 በበርን ከተማ ሞተ። በዚህ መካከል በዡራ ሸለቆዎች ሁሉ የእርሱን አሠራር የሚከተሉ ፋብሪካዎች በዝተው «ሲስቴም ሮስኮፍ» የሚለውን ቃል በሰዓታቸው ፊት ላይ አሳተሙ። ትርጓሜው በሮስኮፍ ሥርዐት የተሠራ ማለት ነው እንጂ ሮስኮፍ የሠራው ማለት አይደለም። እኛ የሠሪ ስም ነው ብለን ያነበብነው ቃል እንግዲህ የአሠራር ስም ኖሯል። በአሜሪካ የዎልታም ፋብሪካ በየሰዓቱ ላይ ተራ ቍጥር ስለ መታ፣ ዛሬ ቍጥሩን ይዞ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል፤ የእኛ ሰዓት ግን የሚቈጥርለት ስላልነበረ እንዲህ ያለ ቍጥር የለውም።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። በሮስኮፍ ሥርዐት የተሠሩ ሰዓቶች በብዙ አገር ሲሸጡ፣ ነጋዴዎቹ በጀርባቸው ላይ ባቡር ማስቀረጽ፣ በፊታቸውም ላይ «ሬጉላተር» የሚል ቃል መጻፍ ያዘወትሩ ነበር። በዚያ ዘመን ጊዜን በማክበር ከባቡር የሚበልጥ ስመ ጥር ነገር ስላልነበረ፣ ምስሉ ለሰዓቱ እንደ ምስክር ሆኖ ገበያ ያመጣለታል። ስለዚህ ባቡር የተቀረጸበትን ሰዓት የባቡር ሠራተኛ ያልሆነ ገበሬም ዳቦ ጋጋሪም ይይዘው ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ባቡር ባቋቋማት ከተማ የሚኖር ሰው ከገበያ ሰዓት ሲመርጥ ዐይኑ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ መገመት አያስቸግርም። የሽልማት ሰዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሸላሚው ስም ይቀረጽበታል፤ በእኛው ላይ ስም የለም። ይህ ሁሉ ሽልማት አለመሆኑን ጨርሶ ባያረጋግጥም፣ እስከ ዛሬ ማስረጃ ያልነው ባቡር ማስረጃ እንዳልሆነ አሳወቀን።

ሰዓቱን በፒያሳ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድነው። እርሳቸውም ጀርባውን ሞርደው ሊያበሩት፣ የሞተውንም ሆድ አውጥተው በባትሪ በሚሠራ ሊለውጡት አሳብ አቀረቡ። ይህን ያሉት ደንበኛ የሚወደው እርሱን ስለ ሆነ ነው፤ እኛ ግን እንዲያጥቡትና ዘይት እንዲቀቡት ብቻ ለመንናቸው። ክዳኑ ሲከፈት፣ የሞላው ቤት መካከሉን አልፎ ሲሄድ፣ በክንዱም ላይ ሁለቱ ችንካሮች ቆመው በማጉያ መነጽር አየን። በብረቱ ላይ ትንሽ የስዊስ መስቀልና ከአጠገቧ የፈጠራ መብት ቍጥር ተመትቷል። እንዲህ ያለ ምልክት ከ1888ቱ ሕግ በፊት ሊኖር ስለማይችል፣ ሰዓቱ ሮስኮፍ ሥራውን ከተወ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ቈይቶ የተሠራ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሰዓት ሠሪው ከዚህ ሁሉ ይልቅ የክዳኑን ውስጥ አሳዩን። ሰዓት የሚያበጅ ሰው የሠራበትን ምልክት በክዳኑ ውስጥ በሹል ነገር ጭሮ የመተው ልማድ አለው። በእኛ ሰዓት ክዳን ውስጥ ሦስት ጭረቶች አሉ። ሁለቱ የማይነበቡ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን በግዕዝ አኃዝ ፲፱፻፵፫ ይላል። በእኛ አቈጣጠር 1943 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ይህን ለአክስታችን መንገሩ ከምርመራው ሁሉ የከበደ ሥራ ሆነብን። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት በመሆናቸው፣ የአባታቸውን ክብር በማጉያ መነጽር ስንቀንስ የምንውል መስሎ ተሰማን። ቢሆንም ነገሩን ከጥንቱ ጀምረን አስረዳናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣

— በዐርባ ሦስት ነው ያልኸኝ? አሉ።

— አዎን፣ እትዬ።

— የዚያን ዓመት ለእንቍጣጣሽ ጫማ አልተገዛልንም። አባባ «ሰዓቱ ታሟል፣ መጀመሪያ እርሱ ይዳን» ብለው ብሩን ለሰዓት ሠሪ ሰጡት። እኔ አለቀስሁ። እውነትህን ነው ልጄ፤ ሰዓቱን የሸለመ ሰው ቢኖር ማሠሪያውንም በሰጠ ነበር።

ሰዓቱን ተቀብለው ጆሮአቸው ላይ አደረጉት። የችንካር ሰዓት ድምፁ ከዕንቍው ሰዓት ይልቅ ስለሚጮህ እኛም ከተቀመጥንበት ይሰማን ነበር። አሁን ሰዓቱ በእርሳቸው ዘንድ ነው፤ ማታ ማታ ይሞሉታል፤ በቀን ስምንት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ባለፈው ፋሲካ ታሪኩን ለልጆች ሲነግሩ ሰማናቸው፤ አለቆቹን ሳያነሡ የጫማውን ነገር ጨመሩበት።