የአንድሮሜዳ ዳርቻ

ከፀሐይ የራቀ ፕላኔት ይዘገያል። ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲከንፍ፣ ዳር ያለው ኔፕቲዩን ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስበት ከርቀት ጋር ይላላልና። በጋላክሲ ውስጥ የሚዞሩ ኮከቦችም እንዲሁ ዳር ላይ ይዘገያሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ብርሃኑ መሐል ላይ ስለታጨቀ ክብደቱም እዚያው ያለ ይመስል ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም ባልደረቦች ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ይህን ግምት በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ ሊፈትሹ ተነሡ። ፎርድ የሠራው ስፔክትሮግራፍ ደካማ ብርሃንን የሚያጎላ ቱቦ ነበረው፤ ከዚያ በፊት እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅ የነበረውን ቀረጻ አሳጠረው። መሣሪያውን አሪዞና ባሉት የኪት ፒክና የሎዌል ቴሌስኮፖች ላይ እየገጠሙ ሠሩ። ወደ እኛ የሚመጣ አካል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሽ ደግሞ ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ፍጥነት የሚሰላው ከዚህች ኢምንት ለውጥ ነው። በዚያ ርቀት ኮከቦቹን አንድ በአንድ መለካት ስለሚከብድ፣ ወጣትና ትኩስ ኮከቦች የሚያበሯቸውን የጋዝ ደመናዎች መረጡ።

ሰባ የማይሞሉ፣ በትክክል 67 ደመናዎች ለኩ። ውጤቱ በ1970 ታተመ፤ የዳሮቹ እንደተጠበቀው አልዘገዩም።

ለነገሩ የማይታይ ቁስ እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ቀድሞም ታይቶ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 ኮማ በተባለው ክምችት ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ከመጠን በላይ ፈጣን መሆናቸውን አስተዋለ። የሚታየው ቁስ ብቻውን ሰብስቦ ሊይዛቸው አይችልም፤ ስለዚህ የቀረውን «ጨለማ ቁስ» አለው። ለ40 ዓመት ያህል ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ይህ ያስቆጫል፤ ዘመኑ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ዘንግቶት ቆይቷልና።

ጠያቂ ሊሆኑ የሚችሉትንም በር ላይ መልሷል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ማርጋሬት በርቢጅ በማውንት ዊልሰን የምልከታ ጣቢያ ሰማይ ለማየት በባሏ ስም፣ ረዳቱ መስላ መግባት ነበረባት። ሌላው የምልከታ ጣቢያ ፓሎማር ለሴት በይፋ የምልከታ ጊዜ የሰጠው በ1965 ነው፤ የተሰጣትም ሩቢን ነበረች።

ወደ አንድሮሜዳ ስንመለስ፣ አንድ ጋላክሲ ብቻውን ማንንም አያሳምንም። ሩቢንና ጓደኞቿ በ1980 የ21 ጋላክሲዎችን ልኬት አቀረቡ፤ ፍጥነቱ እስከ ዳር ድረስ አይወርድም። ክብሩ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ አልበርት ቦስማ በኔዘርላንድስ የሃይድሮጂንን የሬዲዮ ሞገድ ተከትሎ፣ ብርሃን ካለቀበት ርቆ፣ በ1978 ያንኑ አግኝቷል።

የጨለማ ቁስ ቅንጣት በከርሰ ምድር መመርመሪያዎች እስካሁን አልተያዘም። በ2016 ያረፈችው ሩቢን ራሷም ምርጫው ቢሰጣት፣ የማይታይ ቅንጣት ከሚገኝ ይልቅ የኒውተን ሕግ ቢስተካከል ትመርጥ ነበር።