የምፅዋዋ ዕንቁ፣ የግሪኮች ማትሮዞስ

የግሪክ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሰለፋቸው ሰርጓጅ መርከቦች መካከል የታሪክ ጸሐፊ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ፓፓኒኮሊስን ነው። ኢያትሪዲስ የተባለው አዛዥዋ በታኅሣሥ 1933 ዓ.ም. ፊሬንዜ የተባለችውን የጣልያን ማመላለሻ መርከብ በአድርያቲክ ባሕር አስጥሞ ስሙን አስጠርቷል። እኔ ግን የምከተለው የሌላዋን፣ ዝናዋ አነስተኛ የሆነውን የማትሮዞስን ዱካ ነው። ምክንያቴን አልደብቅም። ማትሮዞስ ከመባሏ በፊት የምትኖረው ምፅዋ ነበር።

ስትወለድ ስሟ ፔርላ ነበር፤ በጣልያንኛ «ዕንቁ» ማለት ነው። ጣልያን ውስጥ ሞንፋልኮኔ ከሚገኘው የመርከብ መሥሪያ ወደ ውሃ የወረደችው ሚያዝያ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። በዋዜማው አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጉዘዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የወራሪው ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከተማዋን ያዘ። የጣልያን ባሕር ኃይልም በዚያ ሰሞን ከፔርላ ጋር በሥሪት እምብዛም የማይለያዩ ተከታታይ ሰርጓጆችን ሲያስገነባ ስማቸውን ያወጣው ከወረራው ካርታ ላይ ነበር፦ አዱዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ መቀሌ፣ ነገሌ።

ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ስታውጅ ምፅዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት። ፔርላና መቀሌም ከስምንቱ መካከል ነበሩ። የጓዱ ውድቀት ፈጣን ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ አራቱ ከቁጥር ወጡ። ከእንግሊዞች በፊት ያጠቃቸው የገዛ ማቀዝቀዣቸው ነው። በቀይ ባሕር ሙቀት የውስጡን አየር የሚያበርደው መሣሪያ የሚሠራው ሜቲል ክሎራይድ በተባለ ጋዝ ነበር። ቀለም የለውም፣ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከቧንቧው ሾልኮ ሲወጣ ግን በተዘጋው የመርከብ ሆድ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ያቃዣቸዋል፣ ይገድላቸዋል። መቀሌ በዚህ ተመርዛ ስትንገዳገድ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች።

ፔርላም ሰኔ 12 ቀን በማሪዮ ፑሼን አዛዥነት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወጣች። ያው ጋዝ ያዛት። አዛዡን ጨምሮ ብዙዎቹ ባሕርተኞች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ መርከቧ ወደ ምፅዋ ስትመለስ ሰኔ 19 ቀን ከአሸዋ ላይ ወጥታ ቀረች። በማግስቱ ኪንግስተን የተባለችው የእንግሊዝ አጥፊ መርከብ ደርሳ ተኮሰችባት፤ ያዳኗት የጣልያን አውሮፕላኖች ናቸው። በሐምሌ ከአሸዋው ተላቃ እየተጎተተች ምፅዋ ገባች። ፔርላ ከወደብ በወጣችበት ዕለት ጓደኛዋ ጋሊሌይ በኤደን አቅራቢያ ለእንግሊዞች ተማርካ ነበር። ፔርላም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ትሄዳለች።

ግሪኮች በዚህ ጊዜ ገና ገለልተኛ ነበሩ፤ ጣልያን ግን ገለልተኝነታቸውን አላከበረችላቸውም። በነሐሴ 1932 በግሪኮቹ የፍልሰታ በዓል ጣልያናዊው ሰርጓጅ ዴልፊኖ ቲኖስ ደሴት ላይ የቆመችውን ኤሊ የተባለች መርከባቸውን መታ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ ከምፅዋ የወጣችው ሰርጓጅ ጉሊዬልሞቲ፣ አትላስ የተባለችውን የግሪክ ነዳጅ ጫኝ ቀይ ባሕር ላይ አሰጠመች። ጦርነቱ በይፋ አቴንስ የደረሰው ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የምፅዋ ሰርጓጆች በግሪክ ላይ የተኮሱት ጦርነቱ ከመታወጁ በፊት ነበር ማለት ነው።

በየካቲት 1933 የእንግሊዝ ጦር ኤርትራ ውስጥ ገብቶ ከረን ላይ ሲፋለም፣ የተረፉት አራት ሰርጓጆች አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው ቦርዶ እንዲሄዱ ታዘዙ። ፔርላ ከአራቱ ትንሿ ናት፤ የተሠራችው ለአጭር ርቀት ነው። ቀድማ የወጣችውም እሷ ናት፣ የካቲት 22 ቀን፣ የዓድዋ ድል 45ኛ ዓመት ዋዜማ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሄድን ግን ራሱ የዓድዋ ዕለት ነበር፤ የዚያን ጊዜ አዛዥዋ ናፕ ይህን ልብ ብሎት እንደሆነ ማን ያውቃል። ከማዳጋስካር በስተደቡብ አትላንቲስ ከተባለችው፣ ንግድ መርከብ መስላ ከምትዞረው የጀርመን አዳኝ፣ ነዳጅና ምግብ ተቀበለች። ምፅዋ መጋቢት 30 ስትወድቅ ፔርላ ባሕር ላይ ነበረች። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡም ባሕር ላይ ነበረች። ቦርዶ የደረሰችው ግንቦት 12 ቀን፣ ከ80 ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ለእኔ ከመላው የጦርነት ዘመኗ የሚደነቀው ይህ ጉዞ ነው፤ አንዲት መርከብ ሳታሰጥም የፈጸመችው ቢሆንም።

በ1934 መጀመሪያ ጂብራልታርን ሾልካ ወደ ሜዲትራንያን ተመለሰች። ሐምሌ 2 ቀን 1934 ዓ.ም. ሃያሲንት የተባለች ኮርቬት፣ ማለትም አነስተኛ አጃቢ የጦር መርከብ፣ ቤይሩት አጠገብ አገኘቻት። በውሃ ውስጥ በሚፈነዱ ቦምቦች ተደብድባ ወደ ላይ ወጣች፤ እንግሊዞች ገቡባት፣ እየጎተቱም ቤይሩት አስገቧት። ፒ 712 የሚል ቁጥር ሰጧት።

የግሪኮቹ የሰርጓጅ ክፍል ደግሞ በዚያ ጊዜ እየመነመነ ነበር። ስድስቱም መርከቦቻቸው ፈረንሳይ ሠራሽና ያረጁ ነበሩ። ፕሮቴፍስ በታኅሣሥ 1933 ሳርዴኛ የተባለችውን ትልቅ መርከብ አስጥማ ወዲያው በጣልያን መርከብ ተገጭታ ከነሠራተኞቿ ጠፋች። ግላፍኮስ በ1934 ማልታ ላይ በአውሮፕላን ተመታች። ትሪቶን በኅዳር 1935፣ ካትሶኒስ ከአዛዥዋ ከላስኮስ ጋር በመስከረም 1936 ጀርመኖች አሰጠሟቸው። ከስድስቱ የቀሩት ፓፓኒኮሊስና ኒሬፍስ ብቻ ናቸው። ክፍተቱን ለመሙላት እንግሊዞች አንድ አዲስ ሰርጓጅ ሰጧቸው፤ ፒፒኖስ ብለው ሰየሟት። እንዲሁም ምርኮኛዋን ፔርላን ሰጧቸው።

ፔርላ በዚህ ጊዜ የሴት ስሟን ጥላ የወንድ ስም ያዘች። ማትሮዞስ በግሪክ የነፃነት ጦርነት የቱርክን መርከቦች በእሳት መርከብ፣ ማለትም ተቀጣጥላ ወደ ጠላት በምትለቀቅ መርከብ፣ ያቃጥል የነበረ የስፔትሴስ ደሴት ካፒቴን ነው። ፓፓኒኮሊስና ፒፒኖስም እንደዚያው የእሳት መርከብ አዛዦች ስም ናቸው፤ ሰርጓጅ ማለት ግሪኮች ዘንድ የድሮዋ የእሳት መርከብ ልጅ ነበረች። የማትሮዞስ መዝገብ ግን ቀጭን ነው። ፒፒኖስ በነሐሴ 1936 ሳሞስ ላይ የጀርመን ቶርፔዶ ጀልባ ስታሰጥም፣ የማትሮዞስ ስም እንዲህ ባለ ድል አይነሳም። መለዋወጫዋ በጠላት አገር ፋብሪካ የሚሠራ መርከብ ከዚህ በላይ እንድታደርግ መጠበቅም ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1936 መጀመሪያ እንግሊዞች ያቺኑ ሃያሲንትን ለግሪኮች ሰጡ፤ አፖስቶሊስ ተባለች። አዳኟና የታደነችው በአንድ ባንዲራ ሥር ዋሉ። አፖስቶሊስ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ነገር ውስጥ ገባች፦ በሚያዝያ 1936 የግሪክ ባሕርተኞች እስክንድርያ ላይ በስደተኛው መንግሥታቸው ላይ ሲያምፁ፣ ለመንግሥቱ ታማኝ በሆኑ የራሳቸው ወገኖች በኃይል ከተያዙት ሦስት መርከቦች አንዷ እሷ ነበረች።

ማትሮዞስ እ.ኤ.አ. በ1947 ከአገልግሎት ተሰናበተች። አፖስቶሊስ አምስት ዓመት ቆይታ ወደ እንግሊዞች ተመለሰች።