ውርጭ ወርዳ የመጣች ቲዩብ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካዬ ቁመቷ ከአውራ ጣት ስለማይበልጥ፣ ቲዩብ ስለምትባል አንዲት ብርጭቆ ነው። ኑሮዋ እሳት ላይ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኒኬል ቱቦ ሰባት ስምንት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልጋለች ትንፍሽ አትልም። ይህችን በእሳት የምትኖር ፍጥረት ነው እንግዲህ አንዳንድ ብልሆች ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደሚደርስ ቅዝቃዜ የሚያወርዷት። ለምን ብትሉ፣ ዘፈኑ እንዲጣፍጥ!

አትሳቁ። ባለታሪካችን አልሳቀም፤ ገዛ።

ባለታሪካችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የእኛ ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር አለው፤ ከፊት ሁለት 12ኤኤክስ7፣ አንዷ ለግራ አንዷ ለቀኝ፣ ከኋላ አራት ኢኤል84። የሚያጫውትበት ሸክላ ነው፤ አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሠረተ በኋላ ካወጣቸው ትንንሽ ሸክላዎች ጥቂቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን እነዚያን ሁለት የፊት ቲዩቦች «ክሪዮ» በተባሉት፣ ማለትም በረዶ ከሚያስንቅ ቅዝቃዜ ገብተው በወጡት ሊተካቸው ቆረጠ። ከመተካቱ በፊት ግን የነገሩን ሥር ልንገራችሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን በ1880ዎቹ አምፑሉ ከውስጥ እየጠቆረ ሲያስቸግረው ሌላ የብረት ቁራጭ ጨመረበት። ከጋለው ክር ወደዚያ ቁራጭ፣ ምንም ሽቦ ሳያገናኛቸው፣ ኤሌክትሪክ ሲሻገር አየ። አየና መብቱን አስመዝግቦ ተወው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ግን አልተወውም፤ በ1904 ያንኑ ነገር ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ አደረገው። በ1906 ደግሞ አሜሪካዊው ሊ ዴ ፎረስት በጋለውና በቀዝቃዛው ብረት መካከል ቀጭን ሽቦ ጣልቃ አስገባ፤ ግሪድ ይሉታል። ግሪዱን የግቢ ዘበኛ በሉት። በሩ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ዘበኛው እጁን ትንሽ ሲያነሳ ሕዝቡ ይቆማል፣ ሲያወርድ ይጎርፋል። ከሸክላው መርፌ የመጣው ደካማ ምልክት ዘበኛውን ብቻ ይነካል፤ የሚንጋጋው ሕዝቡ ነው። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

12ኤኤክስ7 አሜሪካ ውስጥ የወጣችው በ1947 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በዲሴምበር፣ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ትራንዚስተር ተወለደ። ገዳይዋ እኩያዋ ነበር ማለት ነው። ሬዲዮው ተዋት፣ ቴሌቪዥኑ ተዋት፣ ኮምፒውተሩማ ቶሎ ብሎ ነው የሸሻት። ጊታር መቺዎችና እንደ ባለታሪካችን ያሉ ግትሮች ግን አልለቀቋትም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲዘጉ፣ የሩሲያዋ ሳራቶቭ፣ የስሎቫኪያዋ ቻድጻና ቻይና ሥራውን ያዙት። በ2022 ሩሲያ ቲዩብ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስታግድማ ለጥቂት ጊዜ ገበያው ተሸበረ። ዕቃ እንዲህ ሲያንስ ሰው ባለው ላይ ይጠበባል፤ አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ ያጣምራል፣ አንዱ ያቀዘቅዛል።

የማቀዝቀዙ ሐሳብ የተወሰደው ከብረት ሠሪዎች ነው። መሰርሰሪያና መቁረጫ የሚሆነው ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ከውስጡ ጥቂቱ ሳይለወጥ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ያንን ቀሪ ጥልቅ ቅዝቃዜ ወደ ጠንካራው ዓይነት ያዞረዋል። ይህ በመሣሪያ የሚታይ እውነት ነው፤ ማንም አያማውም። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ የከብት አዳቃዮች የኮርማ አባለዘር የሚያስቀምጡበት፣ አዲስ አበባ ቃሊቲ ካለው የማዳቀያ ማዕከል እስከ ገጠር በጋን መሰል ዕቃ የሚዞረው ያ የሚጨሰው ፈሳሽ። ቲዩቧን ዝም ብሎ ውስጡ መወርወር አይቻልም፤ ብርጭቆዋ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለሰዓታት ቀስ እያለች ትቀዘቅዛለች፣ እዚያው ትቆያለች፣ ቀስ እያለች ትመለሳለች።

ሻጮቹ «ብረቶቿ ሲታጠፉና ሲበየዱ ያጠራቀሙት ውጥረት ይለቃል፤ ስለዚህ ድምፁ ይጠራል» ይላሉ። እኔን የማይዋጥልኝ እዚህ ላይ ነው። የቲዩብ ሆድ ዕቃ መሰርሰሪያ አይደለም፤ ኒኬል ነው፣ ተንግስተን ነው፣ ሚካ ነው። ኒኬል እንደዚያ ብረት ቅዝቃዜ የሚጠብቅ ቀሪ ክፍል የለውም። ውጥረት ለማስለቀቅ ደግሞ ጥንትም ዛሬም የሚታወቀው ሙቀት ነው፤ ፋብሪካው አየሯን ሲመጥባት ብረቶቿን ፍም አስመስሎ አግሏቸዋል፣ ሳሎን ከገባች ወዲያም በየምሽቱ ትግላለች። ውርጩ ሠራ የተባለውን ሁሉ የመጀመሪያው ምሽት እሳት ያፈርሰዋል ብዬ ነው የማምነው። ግን እኔ ማመኔ ለባለታሪካችን ምኑ ነው? ጆሮ አለው።

ሰካ። አሞቀ። ሸክላውን አስቀመጠ። «ይኸውላችሁ!» አለ። ቤዙ ፋፍቷል፣ ሳክስፎኑ ቀርቧል። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ምኑ?» አለች።

ይህች «ምኑ?» ናት ነገሩን ያመጣችው። በነጋታው አዲስ አበባ ሳሉ ባለ ቲዩብ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ተጠሩ።

ጋሼ መጀመሪያ ያዩት የቲዩቧን አናት ነው። እዚያ ላይ ብርማ ቅብ አለ፤ ባሪየም ነው፣ ተርፎ የቀረ አየር እየዋጠ ውስጧን ባዶ የሚያደርግ። ያ ቅብ ከነጣ ቲዩቧ አየር ስባለች፣ አልቆላታል። ብርጭቆና ብረት ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩምና እግሮቿ በሚገቡበት በኩል መሰንጠቅ ያሠጋል። «ደኅና ናት፤ ብርዱ አልጎዳትም» አሉ ጋሼ። «ጠቅሟት እንደሆነ እንይ። ሸክላው ሞኖ ነው?»

«አዎ፣ ሞኖ ነው።»

«ጎሽ! እንግዲያ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው የሚጫወተው። የበረደችውን በግራ፣ ያልበረደችውን በቀኝ እንክተት። የባላንስ ቁልፏን ወዲያና ወዲህ ማዞር ብቻ ነው፤ ቲዩብ እየነቀሉ ደቂቃ መጠበቅ የለም። ጆሮ ደቂቃ አያስታውስም፣ ልጄ።»

ብልሃቷን አያችሁ? እኔ ብዙ ውድ መጽሔት ላይ ያላየኋት ናት።

ባላንሷ ግራ ሄደች፤ ቀኝ ሄደች። «ግራው!» አለ ባለታሪካችን፤ «ሕፃን እንኳ ይለየዋል።» ጋሼ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው፣ ቲዩቦቹ እስኪበርዱ ቡና ጠጥተው፣ እሱን ወደ ጓዳ ላኩትና ቲዩቦቹን ነካኩ። ተመልሶ ሰማ። «አሁንም ግራው።» እንደገና ጓዳ፣ እንደገና ሳሎን። «ግራው ነው አልኳችሁ እኮ!»

«የበረደችው ካለፈው ዙር ጀምሮ ቀኝ ናት» አሉ ጋሼ፣ ረጋ ብለው።

ጸጥ።

ሚስቱ ናት ቀድማ የገባት። የግራው ስፒከር የሳሎኑ ጥግ ውስጥ ተወሽቋል፤ የቀኙ ደግሞ ቡፌው ቦታውን ስለያዘበት ከግድግዳው ርቆ ወለሉ መሐል ቆሟል። ወፍራም ድምፅ ጥግ ይወዳል፤ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ እየመለሱ ያደልቡታል። ያ የፋፋው ቤዝ የጥጉ ቤዝ ነበር።

ይህ የባለታሪካችን ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት አድማጮችን ስፒከሮቹን እያዩና ሳያዩ እንዲዳኙ አድርገዋቸው ነበር። ሲያዩ ዳኝነታቸው ወደሚያውቁት ዕቃ አዘነበለ፤ ስፒከሩ ክፍሉ ውስጥ የቆመበት ቦታ የሚያመጣውን ለውጥ የበለጠ ያስተዋሉት ሳያዩ ሲሰሙ ነው። ዓይን ብራንዱን ሲያይ ጆሮ ጥጉን ይረሳል።

ባለታሪካችን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። «እንግዲያ በአንድ ስፒከር እንስማ» አለ። ጋሼ ደስ አላቸው። ግን ተጠነቀቁ፤ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ጭነት ሳይኖረው ድምፅ ከተላከበት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ስፒከር ባጣው ወገን ላይ ወፍራም ሬዚስተር አሰሩለት፤ በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያም ስፒከሩንና ሬዚስተሩን የሚያቀያይር ነገር በየዱ። ከዚያ አንድ ወጥ ድምፅ ለቀው በመልቲሜትር ለኩ። አንደኛዋ ቲዩብ ከሌላዋ በጥቂቱ ታጎላለች። ይህ ከብርዱ አይደለም፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት 12ኤኤክስ7 እንኳ እንዲህ ይለያያሉ። ነገር ግን ትንሽ ጮክ ያለው ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ይመስላልና ባላንሷን በመጠኑ ገፍተው አስተካከሉት።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሲመታም ሲስትም አመሸ። አንዴ «የበረደችው ይህች ናት» ሲል ያልበረደችው ሆነች፤ አንዴ ደግሞ ሳይቀያየር «ተቀየረ» አለ። ሚስቱ ሞከረች፤ እሷም ያው።

ቲዩቦቹን ግን አልመለሰም። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር። ሻጩ ከማቀዝቀዙ በፊትና በኋላ ለክቷቸዋል፣ ጩኸት ያላቸውንና ሲነኩ የሚያቃጭሉትን አውጥቶ ጥሏል። ያ ልፋት ገንዘብ ያወጣል። እኔ ብገዛ ለምርጫው እከፍላለሁ፤ ለውርጩ ሳንቲም አልጨምርም።

የቀረው የቤት ጣጣ ነው። ባለታሪካችን የቀኙም ስፒከር ጥግ እንዲያገኝ ቡፌው ይነሳ አለ። «ቡፌዬንማ አትነካትም!» ተባለ። እሷ ራሷ ተነሥታ የግራውን ስፒከር ከጥጉ ሳብ አደረገችው። ቤዙ ከሳ፤ የዘፋኙ ቃል ግን አንድ በአንድ ተሰማ። «አሁን ገና ምን እንደሚል ገባኝ» አለች። እሱ ደግሞ ቤዙን ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ስፒከር እግር አውጥቷል፤ ቀን እሱ ሥራ ሲሄድ ወደ ፊት ይወጣል፣ ማታ ሲገባ ወደ ጥጉ ይመለሳል። ጋሼም ወለሉ ላይ በፕላስተር ሁለት ምልክት አድርገውላቸው ሄዱ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ።