የጋራ መዝገብና ቁልፉ፦ የትራንዛክሽን፣ የገጽና የቁልፍ ሥርዓት ታሪክ በተሠራጩ የመረጃ ቋቶች

መግቢያ

አንድ ነጋዴ በባንክ 1,000 ብር አለው እንበል። ባለቤቱ በአዲስ አበባ 700 ብር፣ ወኪሉ በድሬዳዋ 600 ብር ለማውጣት በአንድ ቅጽበት ይቀርባሉ። የሁለቱም ከተማ ገንዘብ ከፋዮች መዝገቡን ሲመለከቱ 1,000 ብር ያነባሉ፤ ሁለቱም ይከፍላሉ። አንደኛው ቀሪ 300 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው በላዩ ላይ 400 ብሎ ይጽፍበታል። እንግዲህ ባንኩ 1,300 ብር ከፍሎ ሳለ መዝገቡ 400 ብር ይቀራል ይላል። ከከፋዮቹ አንዱም አልሰረቀም፤ አንዱም በመቀነስ አልተሳሳተም። ጉዳቱ የመጣው ሁለት እጆች አንዱን መዝገብ ሳይጠባበቁ በመንካታቸው ነው።

መፍትሔው በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቅ። ዳሩ ግን ከመዝገቡ ምን ያህሉ ይቆለፍ? እስከ መቼ? መዝገቡ በሁለት ከተሞች በሚገኙ ሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍሎ ቢቀመጥስ ማን ይፈርዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን ጥያቄዎች ታሪክ ነው። አስተያየታችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ልክ ገጽ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ልክ ጉዳይ ነው፤ የመረጃ ቋት ታሪክም በአብዛኛው ሁለቱን ልኮች ለማስታረቅ የተደረገ ድካም ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የገጽ አመጣጥ

ገጽ የተፈጠረው ለባንክ ወይም ለንግድ ሥራ ታስቦ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቻቸው የሠሩት አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር በ1962 ዓ.ም. ተመረቀ። የዚህ መኪና ፈጣን ማኅደረ ትውስታ 16,384 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጠው ዕቃ በዘገምተኛው ማግኔታዊ ከበሮ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሊቃውንቱ ማኅደሩን ሁሉ እያንዳንዳቸው 512 ቃላት ወደሚይዙ እኩል ክፍሎች ከፋፈሉትና ገጽ ብለው ሰየሟቸው። በፈጣኑ ማኅደር ውስጥ በአንድ ጊዜ 32 ገጾች ይገኛሉ ማለት ነው፤ የጎደለው ገጽ ሲፈለግ መኪናው ራሱ ከከበሮው ያመጣዋል፤ ቦታ ሲጠብም ወደፊት የማይፈለግ የሚመስለውን ገጽ ገምቶ ያስወጣል።

ከዚህ እንደምንረዳው ገጽ የቦታ ልክ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የአንድ ነጋዴና የአንዲት መምህርት ሒሳብ ጎን ለጎን ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጉርብትና ብቻ ነው።

የጉዳይ ሐሳብ

የብዙ እጆች ችግር በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ የአውሮፕላን ወንበር ሽያጭ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስና አይ.ቢ.ኤም. በጋራ የሠሩት ሴበር የተባለው የወንበር መመዝገቢያ ሥርዓት በ1964 ዓ.ም. ተጠናቅቆ የኩባንያውን የወንበር ምዝገባ ተረከበ። ወኪሎቹ በብዙ ከተሞች ተበታትነው ሳለ መዝገቡ ግን በኒውዮርክ ግዛት በሁለት ኮምፒዩተሮች ተጠብቆ በአንድ ስፍራ ይገኝ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ኤድጋር ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ ተደርድሮ እንዲቀመጥ የሚያስችለውን የግንኙነት ሥርዓት አሳተሙ። ይህን ሐሳብ በተግባር ለመፈተን በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ክፍል በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲስተም አር የተባለውን ሥራ ጀመረ። ለትራንዛክሽን ጽኑ ትርጉም ከሰጡት ሰዎች ዋነኛው ጂም ግሬይ በዚያ ይሠሩ ነበር። ትራንዛክሽን ማለት ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም፣ ወይ ጨርሶ እንዳልተጀመረ የሚቆጠር አንድ ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ መካከል ላይ መቅረት የለበትም።

ኤስዋራን፣ ግሬይ፣ ሎሪና ትሬገር በ1976 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ባለ ሁለት ደረጃ ቁልፍ የተባለውን ሕግ አስረዱ። ጉዳዩ በመጀመሪያው ደረጃ የሚያስፈልጉትን ቁልፎች ይሰበስባል፤ አንዱን ቁልፍ ከለቀቀ በኋላ ግን ሌላ አዲስ ቁልፍ አይወስድም። ሁሉም ይህን ሕግ ቢጠብቁ፣ ጉዳዮቹ በአንድ ጊዜ ቢሠሩም እንኳ ውጤቱ ተራ በተራ እንደ ሠሩ ያህል ይሆናል።

የቁልፉ ስፋት ግን አከራከረ። ሠንጠረዡን ሁሉ መቆለፍ ሰውን ሁሉ ያቆማል፤ እያንዳንዱን ረድፍ መቆለፍ ደግሞ የቁልፍ ብዛት ያስከትላል። እነግሬይ በ1975 ዓ.ም. ያቀረቡት መፍትሔ በደረጃ የሚቆለፍ ሥርዓት ነው። ነገሩ እንደ ግቢ ነው፤ ከውስጥ አንዲት ክፍል ሊቆልፍ የሚገባ ሰው በቅጥሩ በር ላይ ምልክት ያኖራል፤ ግቢውን በሙሉ መቆለፍ የሚፈልግ ሌላ ሰውም ምልክቱን አይቶ ይጠብቃል፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ አያስፈልገውም።

በሲስተም አር ሥራ ላይ ያልታሰበ ችግርም ተገኘ። ብዙ ሰው የሚሻውን ቁልፍ የያዘ አንድ ሥራ፣ የኮምፒዩተሩ ተራ አከፋፋይ ድንገት ቢያስቆመው፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ይፈጠራል፤ ሰልፉም አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በቀላሉ አይበተንም። በ1979 ዓ.ም. በታተመው ጥናት የተሰጠው መድኃኒት፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ለተራኛው ከማስረከብ ይልቅ የሚጠብቁትን ሁሉ ቀስቅሶ እንደገና እንዲሞክሩ ማድረግ ነበር።

ገጹ ቀድሞ ቢጻፍስ?

የመረጃ ቋት ሥራውን የሚሠራው ገጾችን ከዲስክ ወደ ማኅደረ ትውስታ እያመጣ ነው። ቦታ ሲጠብ አንዳንድ ገጽ፣ በላዩ ያለው ጉዳይ ሳይጸድቅ፣ ወደ ዲስክ ይመለሳል፤ የጸደቀ ጉዳይ ገጽም ገና ሳይመለስ ኤሌክትሪክ ሊጠፋ ይችላል። በመጀመሪያው ያልጸደቀ ነገር ጸንቶ ይገኛል፤ በሁለተኛው የጸደቀው ይጠፋል።

መፍትሔው ከአባቶቻችን ምሳሌ ጋር ይስማማል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ገጹ ወደ ዲስክ ከመመለሱ በፊት የተደረገው ለውጥ ሎግ በተባለው የክንውን መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ጉዳዩም ጸደቀ የሚባለው ሎጉ በዲስክ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ገጹን የሚያስወጣው ክፍልና ሎጉን የሚጽፈው ክፍል መደማመጥ ግዴታቸው ነው። ማይክል ስቶንብሬከር በ1981 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በጊዜው የነበሩት የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ ፕሮግራሞች ይህን መደማመጥ እንደማያሟሉ፣ የሚወጣውን ገጽ የሚመርጡበትም ደንብ ለመረጃ ቋት እንደማይመች አስረዱ። ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተርም በ1983 ዓ.ም. አለመከፈልን፣ ወጥነትን፣ ተለይቶ መሥራትንና ጽናትን የትራንዛክሽን አራት ጠባያት አድርገው በአንድ ስም አሰባሰቧቸው።

በ1992 ዓ.ም. ሲ. ሞሃንና የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረቦቻቸው ኤሪስ የተባለውን ዘዴ አሳተሙ። እያንዳንዱ ገጽ የመጨረሻውን ለውጥ የሎግ ቁጥር በራሱ ላይ ይሸከማል። ኮምፒዩተሩ ወድቆ ሲነሣ ቁጥሩን ከሎጉ ጋር አመሳክሮ የጎደለውን ታሪክ ሁሉ ይደግማል፤ ከዚያም ያልጸደቁትን ጉዳዮች ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ያልጸደቀ ጉዳይ የሚሰረዘው ገጹን በሙሉ ወደ ቀድሞ መልኩ በመመለስ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ገጽ ላይ የጻፈው ጎረቤትም ሥራው ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህም ገጹን በሙሉ መቆለፍ ግድ ይሆን ነበር። በኤሪስ ግን የሚሰረዘው የዚያ ጉዳይ ለውጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቁልፉ በረድፍ ልክ ሊሆን ቻለ። ነጋዴውና መምህርቷ በአንድ ገጽ ላይ ሳሉ ሳይጠባበቁ መሥራት ቻሉ።

መዝገቡ በተከፋፈለ ጊዜ

መዝገቡ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲሠራጭ አንዱ ጸድቋል ሲል ሌላው ተሰርዟል ሊል ይችላል። ላምፕሰንና ስተርጂስ በ1976፣ ግሬይም በ1978 ዓ.ም. የገለጹት ባለ ሁለት ደረጃ ማጽደቅ የሽማግሌን ሥራ ይመስላል። አስተባባሪው ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ተካፋዮቹን ሁሉ ዝግጁ ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም እሺ ካሉ ጸድቋል ብሎ ይፈርዳል፤ አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ይሰረዛል። ነገር ግን እሺ ያለው ተካፋይ ፍርዱን ሳይሰማ ሽማግሌው ቢወድቅ፣ ቁልፉን ይዞ ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ ላይኖረው ይችላል። ከእርሱም በስተኋላ ሌሎች ይሰለፋሉ። ይህ የሥርዓቱ ትልቁ ሕመም ነው።

ሁለተኛው ሕመም ሁለት ጉዳዮች አንዱ የሌላውን ቁልፍ ጠብቀው ለዘለዓለም መቆማቸው ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ማየት ይቻላል፤ በብዙ ላይ ግን ሥዕሉ የተቆራረጠ ነው። ሮዘንክራንትዝ፣ ስተርንስና ሉዊስ በ1978 ዓ.ም. ነገሩን በዕድሜ ፈረዱት። ካቀረቧቸው ሁለት መንገዶች በአንደኛው፣ ታላቁ ጉዳይ ታናሹ የያዘውን ቁልፍ ቢሻ ታናሹ ተሰርዞ እንደገና ይጀምራል፤ ታናሹ የታላቁን ቢሻ ግን ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሁልጊዜ ታናሹ ስለ ሆነ፣ መጠባበቁ ዞሮ ሊገጥም አይችልም።

ገጹም ራሱ መጓዝ ጀመረ። ብዙ ኮምፒዩተሮች አንድ ዲስክ በሚጋሩበት ሥርዓት፣ አንዱ የለወጠውን ገጽ ሌላው ሲፈልገው በፊት ገጹ ወደ ዲስክ ተጽፎ እንደገና ይነበብ ነበር። ኦራክል በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ዘጠነኛ ዕትሙ ገጹ በመረብ በኩል ከማኅደር ወደ ማኅደር በቀጥታ እንዲተላለፍ አደረገ። የረድፉ ቁልፍ የሰውን ጉዳይ ይጠብቃል፤ ሌላ የገጽ ፈቃድ ደግሞ የመኪናውን ቅጂ ይጠብቃል። ሁለቱ ልኮች እዚህ ላይ ተለያይተው ጎን ለጎን ይታያሉ።

በ2012 ዓ.ም. ጉግል ስለ ስፓነር ባሳተመው ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ ቋት ገለጠ። ስፓነር አሮጌዎቹን ሕጎች አልጣለም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ቁልፍም፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማጽደቅም፣ የታላቅና የታናሽ ፍርድም በውስጡ ይገኛሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ተካፋይ ብቻውን የቆመ ኮምፒዩተር ሳይሆን በድምፅ ብልጫ የሚስማማ ቡድን ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ቡድኑ ይፈርዳል። ጊዜውንም በሳተላይትና በአቶሚክ ሰዓት ይለካል፤ የሰዓቱም ጥርጣሬ እስኪያልፍ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች፣ ሆን ብሎ ይጠብቃል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መጠበቅ ከቶ እንዳልጠፋ ነው፤ የተለወጠው የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደሚጠብቅ ነው። በመጀመሪያ ሰው የሚጠብቀው በገጽ ጉርብትና ምክንያት ነበር፤ ኋላ ግን በእውነት የሚጋራው ጉዳይ ሲኖር ብቻ እንዲጠብቅ ተደረገ። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው። ፈጣን ሥርዓት ሠርተናል የሚሉ ሁሉ መጠየቅ ያለባቸው ምን ያህል ይፈጥናል ተብለው ብቻ አይደለም፤ መጠበቁን ካስቀራችሁ ስሕተቱን የሚሸከመው ማን ነው ተብለውም ጭምር ነው። በመግቢያችን ያነሣነው ባንክ ለጥቂት ቅጽበት መጠበቅን ቢጠላ፣ የጎደለውን 300 ብር ከአንድ ሰው ኪስ መፈለጉ አይቀርምና።