አይዳ ሙሉነህ

አይዳ ሙሉነህ ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺና የዐውደ ርእይ አሰናጅ ናት። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጅነቷ በየመንና በእንግሊዝ አለፈ፤ ቆጵሮስ አዳሪ ትምህርት ቤት ቆይታ በ1985 ካናዳ ገባች። በ2000 ዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ጥናት ከተመረቀች በኋላ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሆና ሠራች፤ በ2007 ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው በደማቅ ቀለም የተቀባ ፊት፣ ሰፊ ቀሚስና ፍጹም የረጋ አቋም ነው። በዚህም የተነሣ ከፋሽን ፎቶግራፍ አንሺዎች ተርታ የሚያሰልፏት አሉ። ምደባው እስከ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ከፋሽን የወሰደችው የአሠራሩን ብልሃት ነው፤ በዚያ ብልሃት የምትመልሰውን ጥያቄ ግን ያገኘችው ከጋዜጣ ሥራ ነው።

ጥያቄው የአፍሪካ ቀንድን ሰው ማን፣ በምን መልክ ያሳየዋል የሚል ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ከኮረም ያቀረቡት ፊልም ዓለምን ለእርዳታ አነሣሥቷል፤ ያተረፈው ነፍስ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በውጭው ሰው ዐይን ኢትዮጵያዊ ማለት ለአንድ ትውልድ ያህል ጋቢ የተከናነበ ረሃብተኛ ሆኖ ቀረ። የሶማሌላንዷ ሐርጌሳም ከዚህ ዓይነቱ ዕዳ አላመለጠችም። በ1988 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሡ ደበደቧት፤ ዛሬ መሀል ከተማ ከፍ ብሎ የተሰቀለው የሚግ አውሮፕላን እንግዳ ሁሉ ካሜራውን የሚያነሣበት ሐውልት ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ሚጉን ለመታሰቢያነት የመረጡት ሐርጌሳውያን ናቸው። ኮረም ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በምን መልክ መታየት እንደሚፈልጉ የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም። የአይዳ ሥራ በሙሉ በዚህ ልዩነት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጋዜጣ ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው ሳያስበው የተያዘ ነው። በአይዳ ሥራ ካሜራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሐሳቧን በእርሳስ ትነድፋለች፤ ከዚያ ልብሱ ይሰፋል፣ ፊቱ ይቀባል፣ መድረኩ ይሰናዳል፣ መብራቱ ይስተካከላል። ይህ ቅደም ተከተል ለፋሽን ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ይሁንና የፋሽን ፎቶ የልብሱን ዲዛይነርና ወቅቱን መናገር አለበት፤ ያለበለዚያ ከፋዩ ምን አገኘ? የእሷ አልባሳት ወቅትም ገበያም የላቸውም። እንዲያውም ዘመኑን ለማደብዘዝ የገቡ ናቸው፤ ተመልካቹ ሴትዮዋን የዛሬ ናት ወይስ የጥንት ብሎ ሊወስን አይችልም። ሳይመን ንጃሚ የዳንቴን መለኮታዊ ኮሜዲ መነሻ አድርጎ በ2014 ፍራንክፈርት ላይ ባሰናዳው ዐውደ ርእይ የቀረበው ሥራዋ «ዘጠና ዘጠኝ» የሲኦሉን ክፍል የሚመለከት ነው። ነጭ የተቀባ ፊትና ደም የመሰለ ቀይ የነካው እጅ ብቻውን ይበቃዋል፤ እሳት የለም፣ አጋንንት የሉም። አያቷ ዓለም ዘጠኝ ናት፣ ሞልታ አታውቅም ይሉት ከነበረው አባባል ስሙን ያገኘው የ2016ቱ ተከታታይ ሥራ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን ሳይቀላቅል ጎን ለጎን ያቆማል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ያየ ሰው ይህን አሰላለፍ ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት የሚያይ ትልቅ ዐይን፣ ጥልቀት የሌለው ጀርባ፣ ጥላ አልባ ቀለም። የኒው ዮርኩ ሞማ ሙዚየም በ2018 ከዚህ ሥራ መርጦ ሲያሳይ አንዳንድ ተመልካች ያየው የመጽሔት ሽፋን ይሆናል። እኛ ግን ከመጽሔቱ በፊት መቅደሱን እናውቃለን።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ውበት መከራን ይሸፍናል የሚለው ነው። ፈተናውም «የውኃ ሕይወት» የተሰኘው የ2018 ሥራ ነው። ዋተርኤድ በተባለው የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት ትእዛዝ ዳሎል ላይ የተነሡት ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች ሴቶች ውኃ ፍለጋ የሚከፍሉትን ዋጋ ይናገራሉ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ የዓለም መዝገብ ላይ የሰፈረ የአፋር ምድር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የሐር ቀሚስ የመሰለ ቀይና ሰማያዊ ማሰለፍ ምን ይባላል? ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ፎቶው ማስረጃ ነኝ ካለ ነው። አይዳ ግን የተቀረጸ ምልክት መሆኑን ከመጀመሪያው አትደብቅም፤ ማንም የአፋር ሴት እንዲህ ለብሳ ውኃ ትቀዳለች ብሎ አይሳሳትም። በሌላ በኩል የተራቆተ ልጅ ፎቶ ከእውነታው ቢቀዳም ሲደጋገም ዐይንን ያደነዝዛል። በ2020 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም ምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ ለሽልማቱ ዐውደ ርእይ እንድትሠራ የተጠየቀችው እሷ ነበረች። ረሃብ የጦር መሣሪያ ስለሚሆንበት መንገድ ባቀረበችው ሥራ የተራበ ሰውነትን መልሳ አላሳየችም። የኮረምን ጉዳይ ያለ ኮረም ምስል ማንሣት ይቻል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚገኝ አይመስልም።

ሁለተኛው ወቀሳ ተመልካቿ ውጭ አገር ነው፣ ከፋዩም እንዲሁ የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ትልልቅ ትእዛዞቿ ከኒው ዮርክ፣ ከለንደንና ከኦስሎ የመጡ ናቸው። ነገር ግን በ2010 የመሠረተችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል አዲስ ፎቶ ፌስት በየሁለት ዓመቱ የውጭና የአገር ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አዲስ አበባ ላይ አገናኝቷል። የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ከዚህ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ2008 መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሐርጌሳ በቃልና በግጥም፣ አዲስ አበባ በምስል፣ ሁለቱም ሌላ እስኪያሳያቸው አልጠበቁም። አይዳ በ2019 ወደ አቢጃን ተዛውራ በ2022 አፍሪካ ፎቶ ፌርን እዚያ አቋቋመች። በዚያው ዓመት፣ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ርእሱን ያገኘው ሥራዋ በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከ300 በላይ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቀለ። የፋሽን ማስታወቂያ በሚከራየው ቦታ ላይ የሚሸጥ ነገር የሌለው ፎቶ መሰቀሉ ለተቺዎቿ ጥሩ መልስ ነው።

ቀላል መልስ የማይገኝለት ሦስተኛው ወቀሳ ነው፤ የሰውነት ቅቡ የብዙ ሕዝቦችን ልማድ ይቀላቅላል ይላል። በኦሞ ሸለቆ ሰዎች ለቱሪስት ካሜራ ተቀብተው በአንድ ፎቶ ሒሳብ የሚከፈላቸው በዚሁ ዘመን ነው። አይዳ ቅቡን ከዚያ ገበያ አውጥታ የራሷ ፈጠራ ማድረጓ ግልጽ ነው፤ ግልጽ የሚሆነው ግን ለእኛ ነው። ሙዚየም ውስጥ የቆመ የሩቅ አገር ሰው የትኛው የሕዝብ ልማድ፣ የትኛው የስቱዲዮ ምርጫ እንደሆነ ከምስሉ ብቻ ሊለይ አይችልም።