ካይኮራ፦ የማኦሪ ተወላጆች ዓሣ ነባሪን የሚያስጎበኙባት የባሕር ዳርቻ ከተማ

በኒውዚላንድ ደቡባዊት ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከክራይስትቸርች ከተማ በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካይኮራ የተባለች አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ከጥቂት ሺህ አይበልጡም። በጭስ አልባው ኢንዱስትሪ ዘርፍ ግን ስሟ ከታላላቅ ከተሞች ጋር እኩል ይነሳል። ለዚህም ምክንያቱ ዓመቱን ሙሉ ከባሕሯ የማይጠፋው ዓሣ ነባሪና ይህንኑ እንስሳ ለጎብኚ የማሳየቱን ሥራ በባለቤትነት የያዙት የአካባቢው የማኦሪ ተወላጆች ናቸው።

የከተማዋ ስያሜ በማኦሪ ቋንቋ “ካይ” መብላት፣ “ኮራ” ደግሞ ክሬይፊሽ ወይም ሎብስተር የሚባለውን ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ ከሚያመለክቱ ሁለት ቃላት የተገኘ ነው። ስሙ እንደሚጠቁመው ባሕሩ ከጥንት ጀምሮ የሕዝቡ ማዕድ ነበር። የዚህም ምንጩ ከዳርቻው እጅግ ቅርብ በሆነ ርቀት የሚጀምረውና ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደታች የሚዘልቀው የባሕር ሥር ሸለቆ ነው። በሌሎች አገሮች ወደ እንዲህ ያለ ጥልቅ ውኃ ለመድረስ ብዙ ሰዓት በመርከብ መጓዝ ሲያስፈልግ፣ በካይኮራ ግን ጀልባዋ ከወደቡ በወጣች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትደርስበታለች። በሸለቆው ውስጥ የሚገናኙት ሞቃትና ቀዝቃዛ የውኃ ሞገዶች ለጥቃቅን ነፍሳት መራባት አመቺ በመሆናቸው ዓሣው፣ ስኩዊዱ፣ ዶልፊኑና አልባትሮስ የተባለው ግዙፍ የባሕር ወፍ በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባሉ።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ፍጥረት በይበልጥ የሚያውቀው “ዓሣ አንበሪ” በሚል ስም ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው። ስሙ ዓሣ ቢያሰኘውም በሳንባው የሚተነፍስና ግልገሉን ወተት የሚያጠባ እንስሳ ነው። በካይኮራ በብዛት የሚታየው ስፐርም ዌል የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ማኦሪዎች “ፓራኦዋ” ይሉታል። ወንዱ እስከ 18 ሜትር ይረዝማል። ስኩዊድና ዓሣ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ጠልቆ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዚያም ወደ ላይ ወጥቶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይተነፍሳል። የጎብኚው ዕድል በነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ እንስሳ ዛሬ የከተማዋ ኩራት ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት ለስቡ ሲባል ይታደን ነበር። ሮበርት ፋይፍ የተባለ አውሮፓዊ በካይኮራ የመጀመሪያውን የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጣቢያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። ከዚያ ዘመን የቀረውና አሁን በቅርስነት የተጠበቀው ፋይፍ ሃውስ የተባለ ቤት መሠረቱ በከፊል ከዓሣ ነባሪ የጀርባ አጥንት የተሠራ ነው። ጎብኚዎች ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ በእንጨት ምሰሶ ፈንታ አጥንት ያያሉ። በኒውዚላንድ የዓሣ ነባሪ አደን ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

የአካባቢው ማኦሪዎች፣ በተለይም የንጋይ ታሁ ነገድ አካል የሆኑት ካቲ ኩሪዎች ታሪክም ከዚህ ያላነሰ መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 የእንግሊዝ ዘውድ መንግሥት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነውን የካይኮራን መሬት ከእነርሱ የገዛው በ300 ፓውንድ ነበር። ነገዱ መሬቱን በማጣቱ ለረጅም ዘመን ሲሟገት ኖሯል። በ1980ዎቹ ደግሞ መንግሥት የባቡር አገልግሎቱን መልሶ ሲያደራጅ የባቡር ሥራ በከተማዋ እየከሰመ ሄደ። በዚህም በይበልጥ የተጎዱት የማኦሪ ሠራተኞች ነበሩ።

የጉብኝት ሥራው የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቢል ሰለሞን በተባሉት የካቲ ኩሪ መሪ አስተባባሪነት ጥቂት ቤተሰቦች መኖሪያ ቤታቸውን በመያዣነት አስይዘው ገንዘብ ተበደሩ። በብድሩም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የምትይዝ፣ በአየር የምትነፋ ጀልባ ይዘው ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ ዓሣ ነባሪ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይገኛል ብሎ ማሰብ ቀላል አልነበረም። እንግዳው ቢቀር ቤታቸው በዕዳ ይሸጥ ነበር።

እንግዳው ግን አልቀረም። ድርጅቱ ዌል ዎች ካይኮራ በሚል ስም አደገ። ገበያው ሲደራ ሌሎችም ፈቃድ ለማግኘት አመለከቱ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ነገዱ የተከራከረው እ.ኤ.አ. በ1840 በማኦሪ አለቆችና በእንግሊዝ ዘውድ መካከል በተፈረመው የዋይታንጊ ውል መሠረት ነው። የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 በሰጠው ውሳኔ፣ ዓሣ ነባሪን ማስጎብኘት በውሉ ዘመን ያልታሰበ አዲስ ንግድ መሆኑን ጠቅሶ፣ ይሁንና ነገዱ ከባሕሩ ጋር ካለው ጥንታዊ ትስስር የተነሳ ተመጣጣኝ የሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ አመልክቷል። ውሳኔው ነገዱን ብቸኛ ባለመብት አላደረገውም። ፈቃድ ሰጪው አካል ግን የነገዱን ጥቅም ወደ ጎን ትቶ እንዳይወስን አስገድዷል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1997፣ ንጋይ ታሁ ከመንግሥት ጋር የካሳ ስምምነቱን የፈረመው በዚያችው በካይኮራ፣ ታካሃንጋ በተባለው የነገዱ የመሰብሰቢያ ሥፍራ ነበር። የድርጅቱ ቢሮ ደግሞ በከተማዋ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። በባቡር ሥራ መጥፋት የተጎዱ ሰዎች ልጆች ዛሬ በዚያው ጣቢያ ትኬት ይቆርጣሉ።

ጉብኝቱ የሚካሄደው በሥርዓት ነው። የጀልባዋ ካፒቴን የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ወደ ውኃው አውርዶ፣ ዓሣ ነባሪው አድኖ ሲበላ የሚያሰማውን ተከታታይ የጠቅ ጠቅ ድምፅ ያዳምጣል። ድምፁ ሲቋረጥ እንስሳው ወደ ላይ እየመጣ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ደንብ መሠረት ማንኛውም ጀልባ ከዓሣ ነባሪው 50 ሜትር ርቆ መቆም አለበት። በ300 ሜትር ክልል ውስጥም ከሦስት የበለጡ ጀልባዎች ወይም አውሮፕላኖች በአንድ ጊዜ መገኘት አይፈቀድላቸውም። ከዓሣ ነባሪ ጋር መዋኘትም ክልክል ነው። ድርጅቱ በበኩሉ እንስሳው ካልታየ ከክፍያው 80 በመቶውን ለጎብኚው ይመልሳል።

የየብሱ ጉብኝት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ቡድን የሚጓዝበት ነው። በአንዲት አነስተኛ ተሽከርካሪ የሚጓዙ ጥቂት እንግዶች ከማኦሪ አስጎብኚ ጋር ጥንታዊ የምሽግ ሥፍራዎችን ይጎበኛሉ፤ በጫካው ውስጥ ለመድኃኒትነት የሚያገለግሉ ዕፅዋትን ያያሉ። ግንባርና አፍንጫን አገናኝቶ ሰላምታ መለዋወጥንም ይማራሉ። በማኦሪ ወግ እንግዳ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚጀምረው ከስሙ አይደለም። በመጀመሪያ የተወለደበትን ተራራና ወንዝ፣ ቀጥሎም ነገዱንና ቤተሰቡን ይጠራል። የትውልድ ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ይህ ብዙም እንግዳ ነገር አይሆንም። በዓሣ ነባሪ ጀርባ ተጭኖ ባሕር አቋርጦ መጣ ስለሚባለው ፓይኬያ የተባለ ቅድመ አያትም ይተረክላቸዋል። እንግዶቹ በአርባና በሃምሳ ቢመጡ ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም፤ ጨዋታው ወደ ትርኢት ይለወጣልና።

ያም ሆኖ ጉብኝት ምንም ያህል በሥርዓት ቢካሄድ ለእንስሳው ፍጹም ጉዳት አልባ ነው ማለት አይቻልም። በካይኮራ የተካሄደና በ2006 የታተመ ጥናት፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ጀልባ በአጠገባቸው ሲኖር የአተነፋፈሳቸው ሁኔታ መጠነኛ ለውጥ እንደሚያሳይ አረጋግጧል። ወደ አካባቢው የሚመጡት የስፐርም ዌሎች ቁጥር ከ1990ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱንም ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። የኒውዚላንድ ፓርላማ በ2014 ባወጣው ሕግ ከ10 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ የባሕር ጥብቅ ሥፍራና ሰፊ የዓሣ ነባሪ መጠለያ ክልል በአካባቢው እንዲቋቋም አድርጓል። ሐሳቡ የመነጨው የነገዱ ተወላጆች፣ ዓሣ አጥማጆችና አስጎብኚዎች በጋራ ካደረጉት የረጅም ዓመታት ምክክር ነው።

ከሁሉም የከፋው ፈተና የመጣው ግን ከመሬት ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2016 ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጠኑ 7 ነጥብ 8 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። የሁለት ሰዎች ሕይወት አለፈ። ተራራው እየተናደ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ስለዘጋው ካይኮራ ከነጎብኚዎቿ ተቆረጠች። በታካሃንጋ የተሰበሰቡት ማኦሪዎች መንገድ ለተዘጋባቸው ነዋሪዎችና የውጭ አገር ጎብኚዎች ምግብ አበሰሉ፤ ካቀረቡትም መካከል ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ክሬይፊሽ ይገኝበታል። ጎብኚዎቹ በሄሊኮፕተርና በባሕር ኃይል መርከቦች ተጓጓዙ። የባሕሩ ወለል በከተማዋ አካባቢ 1 ሜትር ያህል፣ በሌሎች ቦታዎችም ከዚያ በላይ ከፍ በማለቱ ጀልባዎቹ የሚነሱበት ወደብ ጥልቀቱን አጣ። ጉብኝቱ ሲቀጥልም ለወራት መውጣትና መግባት የሚቻለው ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ብቻ ነበር። ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና የተከፈተው ከ13 ወራት በኋላ በታኅሣሥ 2017 ነው።

ጉዳቱ በባሕሩ ሥርም ደርሷል። ተመራማሪዎች እንደገለጹት መንቀጥቀጡ 850 ሚሊዮን ቶን ደለል ከሸለቆው ጠርጎ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ወስዷል። በዚህም በወለሉ ላይ ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት አልቀዋል። በቀጣዩ ዓመት ዓሣ ነባሪዎቹ በየመጥለቂያው መካከል በውኃው ገጽ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ 25 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ምግባቸውን በለመዱት ሥፍራ ባለማግኘታቸው ከቀድሞው ይልቅ መድከማቸውን የሚያመለክት ነው ተብሏል። ጎብኚው ያን ሰሞን ዓሣ ነባሪውን ረዘም ላለ ጊዜ ማየቱን እንደ ዕድል ቆጥሮት ሊሆን ይችላል።

ባሕሩ ለሰውም አስተማማኝ እንዳልሆነ በመስከረም 2022 ታይቷል። 11 ሰዎችን ይዛ ከካይኮራ በስተደቡብ የባሕር ወፎችን ለማየት የወጣች አነስተኛ ጀልባ ተገልብጣ 5 ሰዎች ሞተዋል። ጀልባዋ ከዓሣ ነባሪ ጋር ሳትጋጭ እንዳልቀረች ተነግሯል።

ከተማዋ ለሌላ እንስሳም ስትል ልማዷን ለውጣለች። ሃተን ሺርዎተር የተባለችው የባሕር ወፍ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የምትራባው ከካይኮራ በላይ ባሉት ተራሮች ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት ወደ ባሕር ሲበሩ የመንገድ መብራት እያሳታቸው አስፋልት ላይ ይወድቁ ነበር። ነዋሪዎቹ የወደቁትን እያነሱ ከመርዳት አልፈው መብራቱ እንዲቀንስ በመሥራታቸው፣ አካባቢው በ2024 በዓለም አቀፍ ደረጃ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል።

ስፐርም ዌል በካይኮራ በየትኛውም ወር ይታያል። ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያ ያልፋሉ። ነፋስ ሲበረታ ጉዞው ስለሚሰረዝ፣ ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ በከተማዋ ቢያንስ ሁለት ቀን ለማሳለፍ ቢያቅድ ይመረጣል። ማዕበል የሚያጥወለውለው ሰውም መድኃኒቱን መውሰድ ያለበት ከመሳፈሩ በፊት ነው።